«ቡድን 10» ከ«ቡድን 2» ለምን ይቀድማል?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ሲያዩት በጣም ትንሽ ነው። ብዙዎቻችሁም በኮምፒውተራችሁ ላይ አይታችሁት «ይሄ ነገር ደግሞ ምን ነካው?» ብላችሁ ያለፋችሁት ይመስለኛል። እኔም እንደናንተው አልፌው ነበር፤ የሃያ ሦስት ቡድን ውጤት እስካዘበራረቅሁበት ቀን ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የዳታቤዝ ኮርስ ፕሮጀክት በቡድን ሠርተን ነበር። ክፍሉ በ24 ቡድን ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ቡድን ሥራውን በራሱ ስም በተሰየመ ፎልደር አስገባ፤ ቡድን1፣ ቡድን2፣ ቡድን3 እያለ እስከ ቡድን24። መምህራችን ፎልደሮቹን በዊንዶውስ ላይ በሚታዩበት ተራ አንድ በአንድ እየከፈቱ አረሙና ከ30 የሰጡትን ማርክ ብቻ ከላይ ወደ ታች በአንድ የኤክሰል ዓምድ ጻፉት። የክፍል ተጠሪ ስለነበርኩ «የቡድኖቹን ስም ከጎኑ አስገባና ለጥፈው» ብለው ፋይሉን በፍላሽ ሰጡኝ።

እኔ ዘንድ ደግሞ የቡድኖቹ ዝርዝር ያለበት ሌላ የኤክሰል ፋይል ነበር። ዝርዝሩ ቡድኖቹ በተመዘገቡበት ተራ ስለተጻፈ የተዘበራረቀ ነው። ይስተካከል ብዬ የመደርደሪያዋን ቁልፍ ጫን አደረግሁና፣ የስሙን ዓምድ ቀድቼ ከማርኩ ጎን ለጠፍሁት። 24 ስም፣ 24 ማርክ፤ አልበዛም አላነሰም። ለማረጋገጥ ያህል የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ መምህሩን ጠየቅኋቸው። «አዎ፣ ቡድን1 25 ነው» አሉኝ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቡድን10 ተቀምጦ አይቼዋለሁ፤ ግን «ኮምፒውተር መቼም እንዲህ ነው የሚደረድረው» ብዬ ተውሁት። የክፍሉ አማካይ ውጤትም ሲሰላ መምህሩ ከያዙት ጋር አንድ ሆነ። ተለጠፈ።

በነጋታው ጠዋት የቡድን9 አባል የሆነች ልጅ ካፌ በር ላይ አስቆመችኝ። ቡድናቸው 6 ከ30 አግኝቷል። ልጅቷ ያለፈውን ሴሚስተር በዋርኒንግ ነው ያለፈችው፤ በዚህ ኮርስ ከወደቀች ከትምህርት ገበታ መሰናበቷ ነው።

«ስማ፣ ይሄ ማርክ የኛ አይደለም» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሥራችንን ስናቀርብ ቲቸር ራሳቸው ጥሩ ነው ብለውናል። ስድስት የሚያሰጥ ምን አጠፋን?»

«እኔ ምን ላድርግ? የሰጡት እሳቸው ናቸው» አልኋት። አሁን ሳስበው ያፍርብኛል፤ ያን ጊዜ ግን እውነት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ዝም አላለችም። ቢሮ ድረስ ሄዳ ፎልደራቸውን አስከፈተች። የቡድን9 ማርክ 27 ነበር። ስድስቷ የቡድን24 ነች፤ እነሱ ያስገቡት ዳታቤዝ ሠንጠረዦቹ ባዶ ነበሩ።

መምህሩ ጠርተውኝ ሁለታችንም ዝርዝሩን እያየን ቁጭ አልን። ዊንዶውስ ፎልደሮቹን ያሳያቸው 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ነው። ኤክሰል ግን ስሞቹን የደረደራቸው ቡድን1፣ ቡድን10፣ ቡድን11 እያለ እስከ ቡድን19 ሄዶ፣ ከዚያ ቡድን2፣ ቀጥሎ ከቡድን20 እስከ ቡድን24፣ በመጨረሻ ከቡድን3 እስከ ቡድን9 አድርጎ ነው። ስለዚህ ቡድን10 የቡድን2ን ማርክ ወሰደ፣ ቡድን2 የቡድን12ን፣ የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የቀረው ቡድን9 ደግሞ የቡድን24ን። ከሃያ አራቱ የራሱን ማርክ ያገኘው ቡድን1 ብቻ ነበር። እኔ ያረጋገጥኩት እሱን ነው! አማካዩም ቢሆን ልክ የሆነው ያው 24 ቁጥር ቦታ ተቀያየረ እንጂ ድምሩ ስላልተለወጠ ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያየው ምንድን ነው?

እኛ «ቡድን10» የሚለውን ስናነብ «ቡድን» የሚል ቃልና «አሥር» የሚል ብዛት እናያለን። ሶፍትዌሩ ግን በስም መልክ ለተጻፈ ነገር እንዲህ ዓይነት ልዩነት አያደርግም። ለእሱ ቡድን10 ማለት ተከታትለው የተቀመጡ አምስት ምልክቶች ናቸው፤ ቡ፣ ድ፣ ን፣ 1፣ 0። 1 እና 0 እዚህ ውስጥ እንደ ቡ እና እንደ ድ ፊደሎች ናቸው እንጂ አሥር የሚባል ነገር የለም።

እያንዳንዱ ምልክት በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ይህ አሠራር የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው አስኪ በሚባለው የአሜሪካ ደረጃ ነው። በእሱ መሠረት የ«0» መለያ 48 ነው፣ የ«1» 49፣ የ«2» 50፣ እንዲህ እያለ «9» ላይ 57 ይደርሳል። የኛ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲካተቱ ከ4608 ጀምረው ተሰለፉ፤ 4608 ላይ ያለው «ሀ» ነው።

ሁለት ስሞች ሲነጻጸሩ ሶፍትዌሩ ከግራ ጀምሮ ምልክት በምልክት ይሄዳል። ቡ ከቡ ጋር እኩል፣ ድ ከድ ጋር እኩል፣ ን ከን ጋር እኩል። አራተኛው ላይ ሲደርስ ከቡድን10 «1»ን፣ ከቡድን2 «2»ን ያገኛል። 49 ከ50 ያንሳል። አለቀ! ከ«1» ቀጥሎ ዜሮ ይኑር፣ አምስት ይኑር፣ ሃያ አሃዝ ይከተል፣ ከዚህ በኋላ ዞሮ የሚያይ የለም።

ይህ ሞኝነት የሚመስለው ካለ መዝገበ ቃላት ይክፈት። «ሰላምታችን» ከ«ሰማ» ይቀድማል። ለምን? ሁለተኛው ፊደል ላይ ላ ከማ ስለሚቀድም ነው። «ሰላምታችን ስድስት ፊደል፣ ሰማ ሁለት ፊደል ነውና አጭሩ ይቅደም» ብሎ የሚከራከር ሰው አላጋጠመኝም። ኮምፒውተሩ ቡድን10ን ከቡድን2 ሲያስቀድም የሠራው ይህንኑ ነው። ቃላትን በምንደረድርበት ሕግ ቁጥርን ደረደረ።

ይኸው ሕግ የሚያመጣቸው ሌሎች ጉዶችም አሉ። ፋይሉን አሻሽላችሁ «ቡድን1_አዲስ» ብትሉትና ሶፍትዌሩ በመለያ ቁጥር ብቻ የሚደረድር ቢሆን፣ ፋይሉ ከቡድን1 ቀጥሎ ሳይሆን ከቡድን19 በኋላ ነው የሚገኘው። የታችኛው ሰረዝ መለያ 95 ስለሆነ ከአሃዞች ሁሉ ይበልጣል።

ቁጥርና ቃል የሚለያዩበት ቦታ

ታዲያ በቃል ላይ የሚያምር ሕግ በቁጥር ላይ ለምን ተበላሸ? መልሱ ያለው ቁጥር በምንጽፍበት ዘዴ ውስጥ ነው። በተለመደው አጻጻፋችን የአንድ አሃዝ ዋጋ የሚወሰነው ከእሱ በስተቀኝ ስንት አሃዝ አለ በሚለው ነው። በ10 ውስጥ ያለችው 1 አሥር የሆነችው ከኋላዋ አንድ አሃዝ ስላለ ነው። ስለዚህ ሁለት ቁጥሮችን ስናነጻጽር ሳይታወቀን መጀመሪያ የምናየው ርዝመታቸውን ነው፤ ረጅሙ ይበልጣል። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ አሃዝ በአሃዝ እንሄዳለን። ኮምፒውተሩ የሠራው ሁለተኛውን እርምጃ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ዘሎታል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ከነጥብ በኋላ ባሉት አሃዞች ላይ የኮምፒውተሩ ሕግ ፍጹም ትክክል ነው። 0.45 እና 0.5 ስጡት፤ 4 ከ5 ስለሚያንስ 0.45ን ያስቀድማል፤ ልክ ነው። ሰው ነው እዚህ ጋ የሚሳሳተው። አራተኛ ክፍል ሳለን «45 ከ5 ይበልጣል» ብለን 0.45 ትልቅ ነው ያልን ስንቶቻችን ነን?

ይህንን ጠባይ ከኮምፒውተር በፊት በደንብ የተጠቀመበት ሰው ሜልቪል ዲውይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው የቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ከነጥብ በፊት ያለው ቁጥር ሁልጊዜ ሦስት አሃዝ ነው፤ አምስትም ቢሆን 005 ተብሎ ይጻፋል። ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ እንደ ክፍልፋይ ይነበባል። በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች መደርደሪያ 005.133 ያለበት መጽሐፍ ዳታቤዝ ከሚገኝበት ከ005.74 ይቀድማል። «133 ከ74 ይበልጣል» ብሎ መጽሐፉን ወደ ቀኝ የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ይደክማል። የዲውይ መደርደሪያ ፊደል በፊደል ብቻ ቢደረደርም አይሳሳትም።

የግዕዝ ቁጥር ቢሆንስ?

ይህንን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ነገር ለመሞከር ፈለግሁ። ፋይሎቻችንን በግዕዝ አሃዝ ብንሰይማቸውስ? ቡድን፩፣ ቡድን፪፣ ቡድን፲ ብንል? ውጤቱ ከጠበቅሁት ውጭ ሆነ።

የግዕዝ አሃዞች በዩኒኮድ ውስጥ ከ፩ እስከ ፱ ከ4969 እስከ 4977 ተቀምጠዋል። ቀጥሎ ፲ በ4978 ይመጣል፤ ፳፣ ፴ እያለ ፺ በ4986 ያበቃል። ፻ 4987 ነው፣ ፼ 4988። አሥር በግዕዝ የራሱ ምልክት ስላለው፣ ምልክቱም ከ፱ በኋላ ስለሚመጣ፣ ምልክት በምልክት ብቻ የሚያነጻጽረው ያው «ሞኝ» ሶፍትዌር ፱ን ከ፲ በፊት ያስቀምጣል! ከ፲ ቀጥሎ ፲፩፣ ከ፲፱ ቀጥሎ ፳፣ ከ፺፱ ቀጥሎ ፻። መቶ ሃምሳውን የዳዊት መዝሙር በየራሱ ፋይል አድርገን በግዕዝ ቁጥር ብንሰይም አንዱም ከቦታው አይዛነፍም። በተለመደው አሃዝ ብንሰይመው ግን መዝሙር 1፣ መዝሙር 10፣ መዝሙር 100፣ መዝሙር 101 እያለ ይሄዳል።

ደስታዬ ግን 199 ላይ አበቃ። ሁለት መቶ በግዕዝ ፪፻ ነው፤ የሚጀምረውም በ፪። ስለዚህ ከ፪ ቀጥሎ፣ ከ፫ በፊት ገብቶ ይሸጎጣል። አንድ ሺህ ፲፻ ስለሆነ በ፲፱ እና በ፳ መካከል ይገባል። ግዕዝ ለመቶና ለአሥር ሺህ የራሱ ምልክት ቢኖረውም ብዛታቸውን የሚናገረው ከፊታቸው በሚቆም ትንሽ አሃዝ ነው፤ እዚያ ላይ ከግራ የሚጀምረው ንጽጽር ይሳሳታል።

ሌላም ችግር አለ። ቀጥዬ የማነሳው ቀላል መፍትሔ ዜሮ ይፈልጋል፤ ግዕዝ ደግሞ ዜሮ የለውም። ለቁጥር የተለየ ሕግ ያላቸው ሶፍትዌሮችም በአብዛኛው የሚያውቁት ከ0 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች ነው። ዩኒኮድም የግዕዝ አሃዞችን የመደባቸው ከአስርዮሽ አሃዞች ጋር አይደለም፤ በአቋማቸው አስርዮሽ ስላልሆኑ መደቡ ትክክል ነው።

ዜሮ ማስቀደም

የታወቀው መፍትሔ የሁሉንም ርዝመት እኩል ማድረግ ነው። ቡድን01፣ ቡድን02፣ ቡድን10። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ሶፍትዌሩ የዘለለው የመጀመሪያ እርምጃ አያስፈልግም፤ ሁለተኛው ብቻውን በቂ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ወረዳ 03» ተብሎ ሲጻፍ ታያላችሁ። ያቺ ዜሮ ለንባብ ምንም አትጨምርም፤ ወረዳዎቹን በኮምፒውተር ለሚደረድር ሰው ግን ባለውለታ ናት።

ችግሩ ስንት አሃዝ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መገመት ማስፈለጉ ነው። ሁለት አሃዝ ብላችሁ ጀምራችሁ መቶኛው ፋይል ሲመጣ 100 ከ11 ፊት ይገባል፤ ያን ጊዜ ወይ ሁሉንም እንደገና መሰየም ወይ መታገሥ ነው። ደግሞ ኤክሰል 007 ብላችሁ ስትጽፉለት ቁጥር መስሎት ዜሮዎቹን ይጥላቸዋል። ዓምዱን አስቀድሞ የጽሑፍ ዓምድ ማድረግ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሕዋስ ቁጥር፣ አንዳንዱ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ኤክሰል ቁጥሮቹን በሙሉ አስቀድሞ ጽሑፎቹን ከኋላ ያሰልፋል። በዓይን ሲታይ አንድ ዓይነት የሆነ ዓምድ ሁለት ጊዜ ከ1 ሲጀምር ካያችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

ርዝመት ብቻውንም አያድንም፤ ትልቁ ነገር መቅደም አለበት። የአይዲ ቁጥርን እንይ። 0123/98 ብሎ ተራ ቁጥሩን አስቀድሞ፣ የገባበትን ዓመት አስከትሎ የሚጻፍ አይዲ ሲደረደር 0001/97፣ 0001/98፣ 0002/97 እያለ ባቾቹን ያደባልቃቸዋል። ዓመቱን እናስቀድም ብንል እንኳ የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ብቻ ስለጻፍን ሌላ ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 ሚሌኒየሙን ስንቀበል ዓመቱ ከ99 ወደ 00 ዞረ። በ2000 ዓ.ም. የገባ ተማሪ በዝርዝር ላይ ከ1990 ገቢዎች በፊት ይቆማል ማለት ነው። ፈረንጆቹ በ2000 ያስጨነቃቸው ነገር እኛ ጋ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ቆይቶ መጣ።

ለቀን የሚበጀው አጻጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን የሚለው ነው፤ ወርና ቀን ሁለት ሁለት አሃዝ፣ ዓመት አራት አሃዝ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የአይሶ 8601 ደረጃም የሚለው ይህንኑ ነው። በኛ አቆጣጠርም ይሠራል። ዜሮውን ከተዋችሁ ግን ከመስከረም ቀጥሎ ወር 10፣ 11፣ 12 እና 13 ይመጣሉ፤ ጳጉሜ ከጥቅምት ቀድማ ቁጭ ትላለች።

ሶፍትዌሩን ብልህ ማድረግ

ሁለተኛው መንገድ ስሙን ትቶ ሶፍትዌሩን ማስተካከል ነው። ይህ አደራደር «ናቹራል ሶርት» ይባላል። አሠራሩ ስሙን ፊደል ፊደል በሆነና አሃዝ አሃዝ በሆነ ቁራጭ መቆራረጥ ነው፤ ቡድን10 «ቡድን» እና «10» ይሆናል። ከዚያ ቁራጭ ከቁራጭ ይነጻጸራል። የፊደሉ እንደ መዝገበ ቃላት፣ የአሃዙ እንደ ቁጥር። ማይክሮሶፍት ይህንን ወደ ዊንዶውስ የፋይል መስኮት ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2001 በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። እስከ ዊንዶውስ 2000 ድረስ መስኮቱ የሚደረድረው ልክ እንደ ኤክሰል ነበር። ፒኤችፒ «ናትሶርት» የሚባል ፈንክሽን አለው፤ የሊኑክስ «ሶርት» ትእዛዝም በትልቁ ቪ አማራጭ ይሠራዋል። የፓይተን «ሶርትድ» እና የዳታቤዝ «ኦርደር ባይ» ግን ጽሑፍ ከሰጣችኋቸው ዛሬም የሚሄዱት ምልክት በምልክት ነው።

ራሳችሁ የምትጽፉት ከሆነ አንድ ምክር ልስጣችሁ። ብዙዎች የአሃዙን ቁራጭ ወደ ኢንቲጀር ቀይረው ያነጻጽራሉ። በ32 ቢት ኢንቲጀር ላይ የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። በ251 የሚጀምር የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥር 12 አሃዝ ስላለው እዚያ ውስጥ አይገባም። መቀየር ሳያስፈልግ ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ዝለሉ፣ የቀሩትን አሃዞች ቁጠሩ፣ ረጅሙ ይበልጣል፣ እኩል ከሆኑ ምልክት በምልክት ሂዱ። ሰው በጭንቅላቱ የሚያደርገው ያው ነው፤ የቱንም ያህል ርዝመት ቢሆን አይፈስም።

«ታዲያ ይህ ካለ ለምን ሁሉም ሶፍትዌር አይጠቀምበትም?» የምትሉ አትጠፉም። ምክንያቱ ናቹራል ሶርትም ቢሆን ግምት መሆኑ ነው። የፓይተንን እትሞች ውሰዱ። 3.9 እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ፣ 3.10 በ2021። ምልክት በምልክት ካየነው 3.10 ይቀድማል፤ ስህተት ነው። እንደ ክፍልፋይ ካነበብነው 3.10 ማለት 3.1 ነው፤ ይሄም ስህተት ነው። በናቹራል ሶርት ብቻ ነው ልክ የሚሆነው። አሁን ደግሞ ፋይሎቹ የላብ ልኬቶች ይሁኑና «3.5 ሜትር» እና «3.45 ሜትር» ይባሉ። ናቹራል ሶርት 45 ከ5 ይበልጣል ብሎ 3.45ን ከኋላ ያስቀምጣል፤ የአራተኛ ክፍሉ ስህተት ተመልሶ መጣ! ከነጥብ በኋላ ያለው አሃዝ የእትም ተራ ነው ወይስ ክፍልፋይ የሚለውን ከስሙ ብቻ አይቶ የሚያውቅ ሶፍትዌር የለም። የሚያውቀው ስሙን ያወጣው ሰው ነው።

ጭራሽ የማይደረድሩም አሉ። በፋት 32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ የፋይሎቹ ስም የሚቀመጠው በተጻፉበት ተራ ነው። ብዙ የመኪና ቴፖች ደግሞ ያንን ተራ እንዳለ ተከትለው ነው የሚያጫውቱት። አልበሙን በትክክል ቁጥር ሰጥታችሁ ታክሲው ውስጥ ሰባተኛው ዘፈን ከሦስተኛው ቀድሞ ቢመጣ ቁጥሩን አትውቀሱ፤ አልታየም።

የኔ ጥፋት የት ነበር?

መምህራችን መጀመሪያ «ኤክሰሉ ነው ያሳሳተህ» ብለውኝ ነበር። ቆይተን ስናየው ግን ኤክሰልም ዊንዶውስም አልተሳሳቱም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሕግ ጠብቀው ሠርተዋል። ቡድን01 ብለን ሰይመን ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ይገጥሙና ማንም ሳያውቅ ይታለፍ ነበር። የሚገጥሙት ግን በአጋጣሚ ነው፤ አንድ ቡድን ፎልደሩን «ግሩፕ07» ብሎ ቢሰይመው ወይም አንድ ቡድን ሳያስገባ ቢቀር ያው መሳሳቱ አይቀርም ነበር። ጥፋቱ ማርኩን ከስሙ ለይተን «ሦስተኛው ረድፍ የሦስተኛው ነው» በሚል እምነት ሁለት ዓምዶችን ማጋጠማችን ነው።

ያሳፈረኝ ደግሞ ኮርሱ ዳታቤዝ መሆኑ ነው! ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው የሪሌሽናል ሞዴል ጽሑፍ ውስጥ የረድፎች ቅደም ተከተል ትርጉም እንደሌለው አስፍሯል። ረድፍ የሚታወቀው በቁልፉ ነው እንጂ በተቀመጠበት ቦታ አይደለም። ይህንን ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፤ ማርክ ስለጥፍ ግን ትዝ አላለኝም። ከእያንዳንዱ ማርክ ጎን የቡድኑ ስም አብሮ ተጽፎ ቢሆን፣ ከዚያ በኤክሰሉ «ቪሉክአፕ» ስም በስም ቢገጣጠም ኖሮ ዝርዝሩ በየትኛውም ተራ ቢደረደር ለውጥ አያመጣም ነበር።

የተለጠፈውን ወረቀት ነቅለን በሦስተኛው ቀን እንደገና ለጠፍነው። ይህን ጊዜ መምህሩ ፎልደሮቹን እየከፈቱ ስሙንና ማርኩን አብረው ሲያነቡልኝ እኔ ጻፍሁ። የቡድን9 ልጅ በሲ ፕላስ አለፈች፤ አሁን ተመርቃለች። ማርኩ አንሶብናል ብለው ቅሬታ ሊያቀርቡ ተዘጋጅተው የነበሩ ሌሎች አምስት ቡድኖችም እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ። ቡድን24 በእነዚያ ሁለት ቀናት የቡድን17ን 22 ይዞ ነበር። በዝቶብናል ብሎ የመጣ አንድም ቡድን አልነበረም።